ለሚያገግም ሰው የሚመች የገና ማዕድ

የነቢያት ጾም ሊፈታ ነው። የዶሮና የቅቤ ገበያው ደርቷል፤ ከክፍለ ሀገርና ከውጭ የሚመጣውን ዘመድ ለመቀበል ቤቱ ሁሉ ሽር ጉድ ይላል። በዚሁ ቤት ውስጥ ግን ቀኑ በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ሊኖር ይችላል። ምግብ ጨርሶ ከመተው፣ በልቶ ከማስመለስ ወይም ማቆም እስኪያቅት ድረስ ከመብላት ሕመም ለመዳን ወራት የታገለ፣ ከሐኪም ጋር ተማክሮ ቁርሱን፣ ምሳውንና እራቱን በሰዓቱ መብላት የጀመረ ሰው ነው። በዓሉን የሚፈራው ዘመድ ጠልቶ ወይም እምነቱ ቀዝቅዞ አይደለም። ማዕዱንና በማዕዱ ዙሪያ የሚነገረውን ፈርቶ ነው።

ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሰጠው የተለመደ ምክር “ጠንከር በል”፣ “ጠንከር በይ” የሚል ነው። ነገሩ ሲመረመር ግን፣ የሚያገግም ሰው በበዓል ሰሞን እንዲጸና ወይም ሕመሙ እንዲያገረሽበት ከሚያደርጉት ነገሮች ብዙዎቹ በእሱ እጅ የሉም። በአስተናጋጁ፣ በዘመዱና በንስሐ አባቱ እጅ ናቸው። ፈተናውም የሚጀምረው በበዓሉ ጠዋት አይደለም፤ ጾሙ ከተያዘበት ከኅዳር 15 አንሥቶ ነው። ስለዚህ የገናን ማዕድ ለሚያገግም ሰው የሚመች ማድረግ የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ነው።

“የፈረንጅ በሽታ” ነውን?

በመጀመሪያ ሕመሙን በስሙ እንጥራው። የአመጋገብ መዛባት የሚባሉት ሕመሞች ብዙ ቢሆኑም በይበልጥ የሚታወቁት ሦስት ናቸው። አኖሬክሲያ ሰውነት እየመነመነ እያለ እንኳ ምግብ መከልከልን ማቆም የማይቻልበት ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም ጋልና የፓሪሱ ሐኪም ሻርል ላሴግ በየፊናቸው ገልጸውታል። ቡሊሚያ በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ከበሉ በኋላ በማስመለስ፣ በሚያስቀምጥ መድኃኒት ወይም በመራብ “ለማካካስ” መሞከር ነው፤ ይህንንም ጄራልድ ራስል የተባለው ሐኪም ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ሦስተኛው ማካካሻ የሌለበት፣ ማቆም እስኪያቅት በተደጋጋሚ የመብላት ሕመም ሲሆን፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። ሕመሞቹ ሴቶችን ብቻ አያጠቁም፤ ወንዶችም ይታመማሉ። ሁሉም ታማሚ ከሲታ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከውጭ ሲታዩ ምንም የሆኑ አይመስሉም። አኖሬክሲያ ደግሞ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ ይኖራል። ብዙ ወገን የሚላስ የሚቀመስ በሚያጣበት አገር፣ ምግብ ቀርቦለት የማይበላ ሰው ስለ ምን ይታዘንለታል? ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አይደለም። ድርቅን በዐይኑ ያየ፣ ረሃብን በቤተሰቡ የሰማ ትውልድ ለእህል ያለው ክብር ታላቅ ነው። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ ነው ታማሚውን አፉን የሚያስይዘው። “ሰው እየተራበ እኔ እንዴት እንዲህ እሆናለሁ?” የሚለው ኀፍረት ሕመሙን ይደብቀዋል። በአገራችንም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ደግሞም አንዲት ልጅ በመታመሟ ከማንም አፍ የተነጠቀ እንጀራ የለም፤ ሕመሟን በማፈሯም የሚጠግብ የለም።

ሕመሙ የሀብታም አገር ብቻ ነው የሚለውም ቢሆን በማስረጃ የሚጸና አይደለም። በፊጂ ደሴቶች ሞላ ያለ ሰውነት የጤናና የእንክብካቤ ምልክት ነበር፤ እንግዳን “ብላ፣ ብላ” ማለትም እንደ እኛው የቆየ ወግ ነው። ናድሮጋ ወደተባለው የፊጂ አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። የሃርቫርዷ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አን ቤከር በዚያ ዓመት ከጠየቀቻቸው ልጃገረዶች መካከል ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ቁጥሩ 11.3 በመቶ ደርሶ ተገኘ። የብላ ብላ ወግ ብቻውን ልጆቹን አላዳናቸውም። ዛሬ የእኛ ልጆች ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ደግሞ ከዚያን ጊዜው ቴሌቪዥን እጅግ የበረታ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በጋና 668 ሴት ተማሪዎችን መርምሮ፣ 10 ልጃገረዶች በገዛ ፈቃዳቸው ምግብ በመከልከል ክብደታቸው ዝቅ ብሎ አግኝቷል። እነዚህ ልጆች ስለ መወፈርም ሆነ ስለ ቁመና አላወሩም። ምግብ መተዋቸውን የሚያስረዱት በሃይማኖት ቋንቋ፣ ራስን በመግዛትና ረሃብን በማሸነፍ ነበር። ጾም የሕይወቱ ምሰሶ ለሆነ ሕዝብ ይህ ግኝት ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው።

የተራበ አእምሮ ምን ይሆናል?

በዓሉ ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት በረሃብ ጊዜ በሰው አእምሮ ላይ የሚደርሰውን ማወቅ ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪይስ የተባለ ተመራማሪ በጦርነት የተጎዳውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ጥናት አካሄደ። ለሕሊናቸው ሲሉ ጦር መሣሪያ አናነሣም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣቶች ፈቅደው ገቡበት። ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ተቀንሶ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ።

የሆነው ነገር አስደንጋጭ ነበር። ቀድሞ ስለ ምግብ ብዙም የማይጨነቁ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ማሰብ ጀመሩ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሰበሰቡ፤ ሳህን ላሱ፤ አንዲትን ጉርሻ ለረጅም ጊዜ በአፋቸው አቆዩ፤ ከጓደኞቻቸው ርቀው ብቻቸውን መብላት ፈለጉ። ቁጡ፣ ቆዛሚና ከሰው የሚሸሹ ሆኑ። ይበልጥ ልብ የሚባለው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ምግብ እንደልብ ሲቀርብላቸው ብዙዎቹ ሆዳቸው እስኪነፋ በልተው እንኳ “ገና አልጠገብንም” ይሉ ነበር። እነዚህ ሰዎች ወደ ጥናቱ ሲገቡ የአመጋገብ መዛባት አልነበረባቸውም። ያንን ባሕርይ ያመጣባቸው ረሃቡ ራሱ ነው።

ዛሬ ለቡሊሚያም ሆነ ማቆም እስኪያቅት ለመብላት ሕመም የሚሰጠው ዋነኛ የንግግር ሕክምና ከዚህ ጋር የሚስማማ መሠረት አለው። በኦክስፎርድ ክሪስቶፈር ፌርበርን ያዳበረው ይህ ሕክምና መጀመሪያ የሚያስተምረው በሰዓት መብላትን ነው፤ በቀን ሦስት ዋና ዋና ምግቦች፣ ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፣ በመካከላቸውም ከአራት ሰዓት ብዙም ያልበለጠ ክፍተት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ረጅም ረሃብ ከልክ ያለፈ መብላትን ይጠራል፤ ከልክ ያለፈ መብላት ጸጸትን፣ ጸጸት ደግሞ ሌላ ረሃብን ይወልዳል። ማገገም ማለት ይህን አዙሪት ቆርጦ በየቀኑ ተመሳሳይና ሰላማዊ በሆነ አመጋገብ መኖር ነው።

አሁን ይህንን ከዘመን አቆጣጠራችን ጋር እናስተያየው። አንድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ወደ 180 የሚጠጉ ቀናት ይጾማል። ከ40 ቀናት በላይ የሚቆየው የነቢያት ጾም በአንድ ሌሊት ወደ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጠጅ ይሸጋገራል። ጥምቀት ይከተላል። ብዙም ሳይቆይ የነነዌ ሦስት ቀናት፣ ከዚያ 55ቱ የዓቢይ ጾም ቀናት ይመጡና ሁሉም በፋሲካ ሌሊት ይፈታል። ለጤነኛ ሰው ይህ ነፍስንም ሥጋንም የሚገራ፣ ውበት ያለው ሥርዓት ነው። ለሚያገግም ሰው ግን ሐኪሙ “ሽሽ” ያለው መዋዠቅ ከነሙሉ ክብሩ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል።

በውጭ ለሚኖሩት ደግሞ ነገሩ ይደራረባል። ጾሙ የሚያዘው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 አካባቢ በመሆኑ፣ በአሜሪካ የምስጋና ቀን ከሚባለው ታላቅ ግብዣ ጋር ይገጥማል። ዲሴምበር 25 ጾሙ ሳይፈታ ይውላል። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ወጣት በሥራ ቦታዋ ግብዣ፣ በቤቷ ጾም፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ግብዣ ይጠብቃታል ማለት ነው። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያንም በስግድ ቀን ጾመው ይጸልዩና በዚያው ዕለት ጾሙን በጋራ ማዕድ ይፈቱታል። ጾምና ድግስ በአንድ ቀን የሚገናኙበት በዓል ነውና የሚያገግም ሰው አስቀድሞ ሊዘጋጅበት ይገባል።

ጾሙና የንስሐ አባት

ጾም ለአኖሬክሲያ ምቹ መደበቂያ ነው። በሌላ ጊዜ “ምነው አልበላሽም?” የምትባል ልጅ በጾም ወቅት “ጎበዝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች” እየተባለች ትመሰገናለች። ከፍስኩ ምግብ በተጨማሪ ዘይቱን ትተዋለች፤ ቀጥሎ ሽሮውን ትቀንሳለች፤ ከዚያ “ትንሽ ጎመን ይበቃኛል” ትላለች። ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ ሕመሙ ግን ሥር እየሰደደ ነው። የሚለየውን ምልክት ማወቅ ያስፈልጋል። ጾመኛ ጾሙ ሲፈታ ደስ ብሎት ይበላል፤ ታማሚዋ ግን የፍስክ ቀን ሲቀርብ ትጨነቃለች፤ ተጨማሪ የጾም ቀን ትፈልጋለች፤ ከሰው ጋር መብላት ትሸሻለች፤ ሚዛን ላይ ደጋግማ ትወጣለች፤ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፤ የወር አበባዋ ሊቋረጥ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ መልስ አላት። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በደነገገበት በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነጻ ያደርጋል። በእስልምናም ቁርኣን በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ቁጥር 185 ላይ፣ የታመመና መንገደኛ ረመዳንን በሌላ ቀን እንዲያካክስ ይፈቅዳል። የአመጋገብ መዛባት ዐይን ባያየውም ሕመም ነው። የልብን ምት ያዛባል፤ አጥንትን ያሳሳል፤ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ድንጋጌው ይመለከተዋል።

ችግሩ ታማሚዋ ራሷ ይህን ፈቃድ ለራሷ መስጠት አለመቻሏ ነው። ብትበላ ኃጢአት የሠራች ይመስላታል፤ ሕመሙም በዚህ ስሜት ላይ ይነግድበታል። “አትጹሚ” የሚለው ቃል ሥልጣን ካለው አፍ፣ ከንስሐ አባት፣ ሲወጣ ግን ክብደቱ ሌላ ነው። በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን የኖረችው ጣሊያናዊት፣ የሲየናዋ ካትሪን፣ ምግብን እየተወች በመምጣቷ የንስሐ አባቷ እንድትበላ ያዟት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1380 በ33 ዓመቷ ዐረፈች። የእርሷን ነገር የታሪክ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ግን አንድ ካህን በዚያ ዘመን እንኳ ቅድስናንና ራስን መጉዳትን ለመለየት መሞከራቸው ለዛሬዎቹ አባቶች ትምህርት ነው።

የንስሐ አባት ሆይ፣ በዚህ ወቅት አንዲት ወጣት መጥታ “ሐኪም ጾም ከልክሎኛል” ብትልዎ፣ “ትንሽ ሞክሪ” አይበሏት። ይፍቱላት፤ በምትኩም ጸሎትን፣ ምጽዋትን፣ ለአረጋዊ ጎረቤት መታዘዝን፣ አንደበትን ከክፉ መከልከልን ይስጧት። ጾሙን ከእግዚአብሔር ጋር የምትኖርበት መንገድ አያሳጧት፤ የሚከለከለው ረሃቡ ብቻ ይሁን። ይህ ውይይት መደረግ ያለበት ደግሞ ጾሙ ከመያዙ በፊት ነው። ዘንድሮ ካለፈ፣ ለነነዌና ለዓቢይ ጾም ጊዜው ገና ነው።

በመሶቡ ዙሪያ

አንድ የገና ማዕድ ቀረብ ብለን እንመልከት። የሌሊቱ ቅዳሴ አልቋል፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ድፎ ዳቦው ተቆርሷል፤ መሶቡ ተከፍቶ የዶሮ ወጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እናት ለልጇ አንድ ጭልፋ ወጥ፣ ግማሽ እንቁላልና አይብ ታወጣላታለች፤ አስቀድመው የተስማሙበት ነው። ልጅቱ መብላት ትጀምራለች። አክስት ግን ያንን ስምምነት አያውቁም። “አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!” ብለው አንድ ፈረሰኛ ይጨምሩላታል። ቀጥሎ እንጀራውን ጠቅልለው፣ ቅቤው በጣታቸው እየፈሰሰ፣ ጉርሻ ይዘው ይነሣሉ። “በሞቴ! አንድ ያጣላል፤ ሁለተኛው ይኸውልሽ!” ዘመድ ሁሉ እያየ ይሥቃል። ልጅቱ ትጎርሳለች። በዚህ ጊዜ ጆሮዋ የዘመድ ጨዋታ አይሰማም። በአእምሮዋ ውስጥ የበላችውን ሁሉ እየቆጠረች፣ ነገ ምን እንደምትተው እያሰላች ነው። አክስት ደስ ብሏቸው ይጨምራሉ፤ “እሰይ! ወፈር ብለሽ አሁን ገና ሰው መሰልሽ!”

አክስት ክፉ አይደሉም። በእኛ ወግ “ወፈርሽ” ማለት ደስ አለኝ፣ ተመቸሽ፣ ክፉ አልነካሽም ማለት ነው። ጉርሻም የፍቅር ጫፍ ነው። ሕመሙ ግን ይህን ምስጋና ገልብጦ “ራስሽን መግዛት አቃተሽ” የሚል ክስ አድርጎ ያስነብባታል። “ምነው ከሳሽ? ተጎዳሽ!” ማለትም አይሻልም፤ ያ ደግሞ ለሕመሙ የድል ዜና ነው። ስለዚህ በሚያገግም ሰው ፊት ስለ ሰውነት የሚነገር ምስጋናም ሆነ ሐዘኔታ ሁለቱም ይጎዳሉ። እግሩ በጀሶ የታሰረን ልጅ “ና፣ ገና ተጫወት” ብሎ ወደ ሜዳ የሚጎትት ዘመድ የለም፤ ጀሶው ስለሚታይ። የዚህች ልጅ ጀሶ ስለማይታይ ነው የምንጎትታት።

መፍትሔው ጉርሻን ማጥፋት አይደለም። መፍትሔው ጉርሻን በፈቃድ ማድረግ ነው። እናት ወይም አባት ከበዓሉ ቀደም ብለው ለቅርብ ዘመዶች ስልክ ደውለው፣ ዝርዝር ሳያወሩ፣ “ልጄ በሕክምና ላይ ናት፤ ሐኪሟ ባዘዘላት መጠን ነው የምትበላው፤ አታጉርሷት፣ ስለ ሰውነቷም አታንሡባት” ማለት ይችላሉ። አበሻ ሐኪም ያዘዘውን ያከብራል። በማዕዱም ላይ አንድ ሰው ጠባቂ ይሁን፤ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ቢሆን ጥሩ ነው። ጉርሻው ሲነሣ “እትዬ፣ ለኔ ያጉርሱኝ!” ብሎ አፉን የሚከፍት ወንድም ነገሩን በሣቅ ያሳልፈዋል። ወሬውም ወደ ትምህርት፣ ወደ ሥራ፣ ወደ ልጅነት ትዝታ ይዙር። “ናፍቀሽኝ ነበር” የሚለው ቃል ስለ ክብደት ምንም ሳይናገር ፍቅርን ሙሉ በሙሉ ይገልጣል።

ይህ ሲባል ግን “ተዋት፣ የፈለገችውን ትብላ” ማለት እንዳልሆነ ልብ ይባል። በተለይ ለአካለ መጠን ላልደረሱ የአኖሬክሲያ ታማሚዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል የዳበረው ሕክምና መሠረቱ ወላጅ ነው። ወላጅ የሕመሙ ጥፋተኛ ተደርጎ አይቆጠርም፤ ልጁ መልሶ መብላት እስኪችል ድረስ ምግቡን የመወሰን ኃላፊነት ይሰጠዋል። ማዕዱ ላይ ሳህኑን የምታወጣው እናት፣ አጠገቧ ተቀምጣ እስክትጨርስ የምትጠብቃት እናት፣ ሕክምናውን እየሰጠች ነው። ዘመድ የሚጠየቀው የእሷን ሥራ በላይዋ እንዳይሠራባት ነው።

ለሚያገግመው ሰው

አሁን ወደ አንተ፣ ወደ አንቺ እመለሳለሁ። የበዓሉን ቀን እንደ ሌላው ቀን ጀምሩት። “ማታ ብዙ ስለምበላ” ብላችሁ ቁርስና ምሳ አትዝለሉ፤ ይህ ቁጠባ የሚመስለው ነገር ሰውነትን ለማቆም ለሚያስቸግር መብላት የሚያዘጋጅ ወጥመድ ነው። የሌሊት ቅዳሴ ካለና ሐኪማችሁ ከፈቀደ፣ ከቅዳሴ መልስ የምትበሉትን ቀድማችሁ ወስኑ። ምን እንደሚቀርብ ጠይቁ፤ ከሐኪማችሁ ወይም ከምታምኑት ሰው ጋር ሳህናችሁን በሐሳባችሁ አዘጋጁ። በአንድ መሶብ ዙሪያ የበሉትን መጠን ማወቅ ስለሚከብድ፣ የራሳችሁ ሳህን እንዲኖራችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጠላና ጠጅ ስሜትን ስለሚያዛቡ ባይጠጡ፣ ከመድኃኒት ጋር ከሆነም ሐኪም ሳይጠየቅ ባይቀመሱ ይሻላል።

ጉርሻ ሲመጣ የሚባለውን ቃል አስቀድማችሁ ተለማመዱ። “እጅዎ ይባረክ፣ ዛሬ በራሴ እጅ ልብላ” ማለት ጨዋነትን የሚያጎድል ነገር የለበትም። ከምግብ በኋላ ያለው ሰዓት ለብዙዎች ከማዕዱ ይልቅ የከፋ ነው፤ ብቻችሁን አትሁኑበት። የቡና ሥነ ሥርዓቱ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ቡና ቁሉ፣ ፈንድሻ አዙሩ፣ ከልጆቹ ጋር ተጫወቱ፤ እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ የፍርሃቱ ማዕበል ብዙውን ጊዜ ይበርዳል። ሚዛን ካለ ከቤት ይውጣ። በስልክ ከሚታየው የሌላ ሰው ገላ ራቁ።

ቢያዳልጣችሁስ? ከታሰበው በላይ ብትበሉ ወይም ብታስመልሱ ሥራው ሁሉ ፈረሰ ማለት አይደለም። የሚያፈርሰው በማግሥቱ የሚመጣው የቅጣት ረሃብ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ምግብ በሰዓቱ ብሉ። ለምታምኑት ሰው በዚያው ቀን ንገሩ። በዓል አንድ ቀን ነው፤ ማገገም የሚለካው ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ተራ ቀናት ነው።

መቼ ሆስፒታል?

አንዳንድ ምልክቶች እስከ በዓሉ ማግሥት አይጠበቅባቸውም። ራስን መሳት፣ የልብ ምት መዛባት ወይም የደረት ሕመም፣ ደም ማስመለስ፣ ለቀናት እህል ውኃ አለመቅመስ፣ ራስን ስለ ማጥፋት መናገር፤ እነዚህ ከታዩ ሰውየውን በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ይገባል። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ለብዙ ቀናት ምንም ያልበላን ወይም ክፉኛ የመነመነን ሰው “በዓል ነው” ብሎ በአንድ ጊዜ ማጥገብ ሊገድል ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ያሽቆለቁላል፤ ልብም ሊቆም ይችላል። ሐኪሞች ይህን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከምርኮ በወጡ የተራቡ ሰዎች ላይ አስተውለውታል። እንዲህ ያለ ሰው መብላት የሚጀምረው በሐኪም ክትትል፣ ቀስ በቀስ ነው።

በአገራችን በዚህ ሕመም ብቻ የሠለጠነ ባለሙያ እንደልብ አይገኝም። ሆኖም በር ሁሉ ዝግ አይደለም። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በትልልቅ ጠቅላላና ሪፈራል ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል ይገኛል። ከጨጓራና ከደም ማነስ ምርመራ ጋር ተደጋግማ የምትመላለስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ያላት ልጅ ስታጋጥማቸው፣ የጤና ባለሙያዎች “ስለ ምግብና ስለ ሰውነትሽ ምን ታስቢያለሽ?” የሚለውን ጥያቄ ቢጨምሩ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። ወላጅም “ምግብ ዘጋት፣ አመሏ ነው” ብሎ ከማለፍ ይልቅ ሐኪም ዘንድ ይዞ መሄድ ይልመድ። ጸበል የሚወስዳትም ቤተሰብ ጸበሉንና ሕክምናውን አብሮ ያስኬድ፤ ሰውነቷ የተጎዳን ልጅ ግን በባዶ ሆድ ለቀናት አያቆያት።

እንግዲህ የዘንድሮን ገና ለምታሰናዱ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ዶሮው ይሠራ፣ መሶቡ ይሙላ፣ ዘመድ ይሰብሰብ። ግን ሰውን ስትቀበሉ ስለ ውፍረቱና ስለ ክሳቱ አታንሡ። ጉርሻ ከማንሣታችሁ በፊት “ላጉርስሽ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ “ይቅርብኝ” ብትል አንድ ጊዜ ሰምታችሁ ተዉት፤ በሞቴ አትበሉ። በመካከላችሁ የሚያገግም ሰው ይኑር አይኑር ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ይህን ለማድረግ ማወቅም አያስፈልጋችሁም። መልካም የልደት በዓል።